ሴሊኒየም፣ ኮምጣጣው ቀይ አፈርና ከባድ ብረታ ብረቶች
(በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች አካባቢ ለሚገኙ መምህራንና የፕላን ባለሙያዎች የቀረበ ማብራሪያ)

መግቢያ

ስለ አፈር ለምነት በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሱት ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ሰብል በብዛት የሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች በመሆናቸው ተገቢ ትኩረት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በአፈር ውስጥ በኪሎ ግራም በሚሊግራም ክፍልፋይ ብቻ የሚለኩ፣ መጠናቸው እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ የሰብሉንም ሆነ የተመጋቢውን ጤና የሚወስኑ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በጥቂቱ ጠቃሚ፣ ሲበዙ መርዝ የሆኑ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ በማናቸውም መጠን ለተክል ጥቅም የማይሰጡ ናቸው።

ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የተካሄዱ ምርምሮች እንደሚያስረዱት፣ ሴሊኒየም የተባለው ንጥረ ነገር በጥቂት መጠን ሲገኝ ተክሎች እንደ ካድሚየም፣ እርሳስና ባዚቃ ያሉትን ጎጂ ብረቶች ለመቋቋም ይረዳቸዋል። ይህ ውጤት ተስፋ ሰጪ በመሆኑ በየጊዜው ይጠቀሳል። ነገር ግን አንድ የምርምር ውጤት ከተገኘበት ሥፍራ ወደ ሌላ ሲዛወር የአዲሱን ሥፍራ አፈርና የአየር ጠባይ ማገናዘብ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሴሊኒየም ተክልን የሚረዳበትን መንገድ በግልጽ ማስረዳት፣ ቀጥሎም በወለጋ ቀይና ኮምጣጣ አፈር ላይ ነገሩ ምን መልክ እንደሚኖረው ማመልከት፣ በመጨረሻም ለክፍል ትምህርትና ለአካባቢ ዕቅድ የሚበጀውን የሥራ ቅደም ተከተል ማሳየት ነው።

1. ከባድ ብረታ ብረቶች ከየት ይመጣሉ?

ከባድ ብረታ ብረት የሚባሉት መጠነ እፍጋታቸው ከፍ ያለ ብረቶች ሲሆኑ፣ በአካባቢ ብክለት ትምህርት በተለይ የሚጠቀሱት ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ባዚቃ፣ ኒኬልና ክሮሚየም ናቸው። አርሴኒክ በጠባዩ ከፊል ብረት ቢሆንም በጉዳቱ ምክንያት ከእነርሱ ጋር ይቆጠራል። እነዚህ ንጥረ ነገሮች እንደ ተባይ ማጥፊያ ወይም እንደ ዕፅዋት ብስባሽ በጊዜ ብዛት ፈርሰው የሚጠፉ አይደሉም። አንድ ጊዜ አፈር ውስጥ ከገቡ ለብዙ ትውልድ ይቆያሉ። በመሆኑም ጥያቄው እንዴት እናጥፋቸው ሳይሆን፣ ወደ ሥርና ወደ ምግብ እንዳይዘዋወሩ እንዴት እናድርጋቸው የሚል ነው።

በወለጋ ምድር የሚታሰቡት ምንጮች በአራት ይከፈላሉ።

ሀ) የተፈጥሮ ምንጭ። በምዕራብ ወለጋ የሚገኘው ዩብዶ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕላቲኒየም ማዕድኑ የታወቀ ሥፍራ ነው። ፕላቲኒየሙን የያዘው ዐለት በማግኒዚየምና በብረት የበለጸገ ሲሆን፣ ይህን የመሰለ ዐለት በዓለም ሁሉ ኒኬልና ክሮሚየምን በብዛት ይዞ ይገኛል። ዐለቱ በዝናብና በሙቀት ብዛት ሲበሰብስ በላዩ የተፈጠረው ጠጣር ቅርፊት በአቅራቢያው በሚፈሰው በብርብር ወንዝ ስም «ብርብራይት» ተብሎ በሥነ ምድር መጻሕፍት ተመዝግቧል። እንዲህ ባለው ዐለት ላይ የሚገኝ አፈር ማንም ሳይበክለው ከባድ ብረቶችን የያዘ ነው። ከክሮሚየሙ አብዛኛው በጠንካራ ማዕድን ውስጥ የታሰረ በመሆኑ ለተክል በቀላሉ አይደርስም። ኒኬል ግን አፈሩ በኮመጠጠ መጠን እየሟሟ ወደ ሥር ይቀርባል።

ለ) የከተማ ምንጭ። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎን የመሳሰሉት ከተሞች ሲስፋፉ ጋራዦች፣ የባትሪ ጠጋኞች፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶችና የቆሻሻ መጣያዎች አብረው ይበዛሉ። ያረጀ የመኪና ባትሪ የእርሳስ፣ ቀለምና ፕላስቲክ ደግሞ የካድሚየምና የክሮሚየም ምንጮች ሊሆኑ ይችላሉ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2006 መጀመሪያ ድረስ ከገበያ እንዲወጣ ተደርጓል። ቀደም ሲል በዋና መንገዶች ዳር የወደቀው እርሳስ ግን ከአፈሩ ጋር እንዳለ ይኖራል።

ሐ) የማዕድን ሥራ። በምዕራብ ወለጋና በአጎራባቹ በቤኒሻንጉል ምድር ወርቅ በባህላዊ መንገድ ሲታጠብ የኖረ ነው። በገበቴ አሸዋ አጥቦ ወርቅ ማውጣት ወንዝን ከማደፍረስ በቀር መርዝ አይጨምርም። ወርቁን በባዚቃ አጣብቆ በእሳት ማትነን በሚለመድበት ሥፍራ ሁሉ ግን ባዚቃው ወደ አየር፣ ከአየርም ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይወርዳል።

መ) የማዳበሪያ ምንጭ። የፎስፌት ማዳበሪያ የሚሠራበት ዐለት እንደየአገሩ የተለያየ መጠን ያለው ካድሚየም ይይዛል። በአንድ ዓመት የሚጨመረው ጥቂት ቢሆንም፣ ለዓሠርት ዓመታት ሲደጋገም ይጠራቀማል።

የከተማ አትክልት ጉዳይ በአገራችን በይበልጥ የተጠናው በአዲስ አበባ ነው። ፍስሃ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባወጡት ጥናት በከተማይቱ ወንዞች ዳር በሚለሙ ቅጠላማ አትክልቶች ውስጥ ያለውን የብረታ ብረት መጠን መርምረዋል። የአትክልቱ ዓይነት በሚጠራቀመው መጠን ላይ ልዩነት እንደሚያመጣም አሳይተዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለነቀምቴም ሆነ ለጊምቢ ያገለግላል። ይኸውም ሰላጣንና ቆስጣን በመሰሉ ለስላሳ ቅጠሎች ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ በእህልና በፍራፍሬ ላይ ከሚደረገው መብለጥ አለበት።

2. የወለጋ ቀይ አፈር ጠባይ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢዋ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል። ይህ ዝናብ የቡናው፣ የበቆሎውና የአንጮቴው በረከት ምንጭ ነው። ነገር ግን ለሺህ ዓመታት የወረደ ዝናብ ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምንና ፖታሲየምን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶ በስፍራቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም እንዲተኩ አድርጓል። አፈሩ የቀላው በውስጡ በቀረው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ የኮመጠጠውም በዚሁ እጥበት ነው።

የአፈር አሲዳማነት የሚለካው ፒ.ኤች. በተባለው መለኪያ ሲሆን፣ 7 ገለልተኛ፣ ከዚያ በታች ያለው ኮምጣጣ ነው። መለኪያው በአሥር ብዜት የሚሄድ በመሆኑ ፒ.ኤች. 4.5 የሆነ አፈር 5.5 ከሆነው አሥር ጊዜ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ የሚገልጸው ግምት በብዛት ይጠቀሳል። ነጆ፣ ጊምቢና ነቀምቴም በዚህ ረገድ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ አካባቢዎች ውስጥ ናቸው።

ፒ.ኤች. ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። አሉሚኒየም ቀላል ብረት ስለሆነ ከከባድ ብረቶች አይቆጠርም፤ በወለጋ ማሳ ላይ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሥር ጠላት የሆነው እርሱ ነው። የሥሩን ጫፍ አደድሮ፣ አሳጥሮና አወፍሮ ውኃና ፎስፎረስ እንዳይደርሰው ያደርጋል። ይኸው አሲዳማነት ማንጋኒዝን፣ ኒኬልንና ካድሚየምንም ያሟሟል። ስለዚህ በኮምጣጣ አፈር ላይ የወደቀ ጥቂት ካድሚየም በገለልተኛ አፈር ላይ ከወደቀ ብዙ ካድሚየም የበለጠ ሊጎዳ ይችላል።

3. ሴሊኒየም ምንድን ነው?

ሴሊኒየምን እ.ኤ.አ. በ1817 ያገኘው ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ያኮብ በርሴልየስ ነው። ስሙም ጨረቃ ማለት ከሆነው «ሴሌኔ» ከተባለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ከድኝ ቀጥሎ ስለሚገኝ የጠባይ ወንድሙ ነው። የዚህ ዝምድና ውጤት ወደ ፊት ደጋግሞ ይመጣል።

ሴሊኒየም ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በመርዝነቱ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ሽዋርዝና ፎልዝ በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር ለእንስሳት አስፈላጊ መሆኑ ታወቀ። በቻይና ኬሻን በተባለው አካባቢ ሕፃናትንና ሴቶችን ይገድል የነበረው የልብ በሽታም ከሴሊኒየም እጥረት ጋር የተያያዘ መሆኑ በ1970ዎቹ ተረጋገጠ። ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን 55 ማይክሮግራም በቂ ነው፤ ከ400 ማይክሮግራም በላይ ዘወትር መውሰድ ግን አደገኛ ነው። በሚጠቅመውና በሚጎዳው መካከል ያለው ልዩነት ሰባት እጥፍ ገደማ ብቻ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ለተክሎች ግን ሴሊኒየም የግድ አስፈላጊ መሆኑ አልተረጋገጠም። ተክል ያለ ሴሊኒየም ያድጋል፣ ያፈራልም። በጥቂቱ ሲያገኘው ግን ችግርን የመቋቋም ኃይሉ ስለሚጨምር «ጠቃሚ ንጥረ ነገር» ከሚባሉት ወገን ይመደባል።

በአፈር ውስጥ ሴሊኒየም በተለይ በሁለት መልክ ይገኛል። ሴሌኔት የተባለው አየር በሚዘዋወርበትና ኮምጣጣ ባልሆነ አፈር ላይ ይበዛል፤ በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ሥርም የድኝን በር ተጠቅሞ ያስገባዋል። ሴሌናይት የተባለው ኮምጣጣና እርጥብ በሆነ አፈር ላይ ይበዛል፤ በብረት ኦክሳይድ ላይ አጥብቆ ይጣበቃል፤ ወደ ሥር የሚገባውም በአብዛኛው በፎስፎረስ በር ነው።

4. ሴሊኒየም ተክልን የሚረዳው እንዴት ነው?

በምርምር የታወቁት መንገዶች አምስት ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ብረቱ ከአፈር ተነሥቶ ወደ ቅጠል እስኪደርስ ያለውን ጉዞ ይከተላል።

አንደኛ፣ በአፈር ውስጥ። በሥር ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ሴሊኒየምን ወደ ሌላ መልኩ በሚለውጡት ጊዜ ከባዚቃና ከካድሚየም ጋር ተዋህዶ በውኃ የማይሟሟ ጠጣር ይፈጥራል። የማይሟሟ ነገር ደግሞ ወደ ሥር አይገባም። በቻይና ጉይጆው ክፍለ ሀገር ዋንሻን በተባለው የቀድሞ የባዚቃ ማዕድን ሥፍራ በሩዝ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል።

ሁለተኛ፣ በሥሩ በር። ካድሚየም ለተክል ጥቅም ስለሌለው የራሱ በር የለውም። የሚገባው ለማንጋኒዝ፣ ለብረት፣ ለዚንክና ለካልሲየም በተዘጋጁ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ነው። በሩዝ ላይ እንደታየው ተገቢው የሴሊኒየም መጠን ሲኖር ከእነዚህ አጓጓዦች የአንዳንዶቹ ቁጥር ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በሕዋስ ግድግዳ። ሴሊኒየም ያገኘ ሥር የሕዋስ ግድግዳውን ስለሚያወፍር ብዙ ብረት በግድግዳው ተይዞ ይቀራል። ብረቱ ከተክሉ ባይወጣም ለሕይወት ሥራ ወደሚያስፈልገው የሕዋስ ውስጥ ክፍል አይደርስም።

አራተኛ፣ በሕዋስ ውስጥ። ከባድ ብረት ወደ ሕዋስ ሲገባ አጥቂ የኦክስጅን ዝርያዎች እንዲበዙ ያደርጋል። እነዚህም የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑንና ዘር ተሸካሚውን ንጥረ ነገር ያጠቃሉ። ተክል ይህን የሚከላከልባቸው ሱፐር ኦክሳይድ ዲስሙቴዝ፣ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች አሉት። ጥቂት ሴሊኒየም የእነዚህን ኢንዛይሞች ሥራ ያነቃቃል። ከግሉታታዮን የሚሠሩ ረጃጅም ውሁዶችም ብረቱን አስረው ቫኩዩል በተባለው የሕዋስ ጎተራ ውስጥ ያስቀምጡታል።

አምስተኛ፣ በቅጠል። ከላይ የተገለጹት መከላከያዎች በሥር ላይ ስለሚያተኩሩ ወደ ግንድና ወደ ቅጠል የሚወጣው ብረት ይቀንሳል። በዚህም ክሎሮፊል ከመፍረስ ይድናል፤ ብርሃን አስተጻምሮም ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ከከባድ ብረቶች ሌላ፣ ለወለጋ ይበልጥ የሚቀርብ አንድ ምሳሌ አለ። በቺሊ አገር ደቡባዊ ክፍል አፈሩ ኮምጣጣና አሉሚኒየም የበዛበት ነው። ፓውላ ካርተስና የሥራ ባልደረቦችዋ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ጥቂት ሴሊኒየም የሣር ሥርን ከአሉሚኒየም ጉዳት እንደሚከላከል፣ መጠኑ ሲጨምር ግን ራሱ ሴሊኒየም ጎጂ እንደሚሆን አሳይተዋል።

5. የጥቅሙ ወሰን

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው እውነት ቢሆንም የሚከተሉት ነጥቦች ካልታከሉበት አሳሳች ይሆናል።

የመጀመሪያው ነጥብ የመጠን ጉዳይ ነው። ሴሊኒየም ሲበዛ ተክሉ በድኝ ፈንታ ፕሮቲን ውስጥ ያስገባዋል። ፕሮቲኑም ቅርጹን አጥቶ ሥራውን መሥራት ይሳነዋል። በበዛ መጠን የተሰጠ ሴሊኒየም ካድሚየም ይበልጥ እንዲገባ ያደረገባቸው ሙከራዎችም አሉ።

ሁለተኛው፣ ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ የተካሄዱት በንጥረ ምግብ ውኃና በማሰሮ ውስጥ መሆኑ ነው። በማሰሮ ውኃ ውስጥ የተሰጠ ሴሊኒየም በሙሉ ለሥር ይደርሳል፤ በማሳ ላይ የተሰጠው ግን ከአፈሩ ጋር ይሟገታል።

ሦስተኛው፣ ሴሊኒየም ብረቱን ከአፈር የማያስወግድ መሆኑ ነው። ቢበዛ የሚያደርገው መንገዱን ማጥበብ ነው። የባትሪ ቆሻሻ እየተደፋበት ባለ ቦታ ላይ ሴሊኒየም መጨመር በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደ መወልወል ይቆጠራል።

አራተኛው፣ ሴሊኒየም ራሱ በካይ ሊሆን መቻሉ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ኬስተርሰን በተባለው የውኃ ማቆሪያ ከእርሻ ተጠርጎ የተከማቸ ሴሊኒየም የውኃ ወፎች ጫጩቶች ጎደሎ ሆነው እንዲፈለፈሉ ማድረጉ እ.ኤ.አ. በ1983 ታውቋል። በቻይና ኤንሺም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሴሊኒየም የበዛበትን ምግብ የተመገቡ ሰዎች ጸጉራቸውና ጥፍራቸው እስኪረግፍ ታመዋል።

6. ቀዩ አፈር ሴሊኒየምን ምን ያደርገዋል?

የነገሩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የወለጋ አፈር በብረት ኦክሳይድ የበለጸገና ኮምጣጣ መሆኑ ከላይ ተገልጿል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ሴሊኒየም በአብዛኛው በሴሌናይት መልክ ሆኖ በብረት ኦክሳይዱ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ አፈሩ ሴሊኒየም ቢኖረውም እንኳ ተክሉ ሊያጣው ይችላል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በማላዊ የበቆሎ ማሳዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ፒ.ኤች. ከ6.5 በላይ በሆነ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ የበቀለ በቆሎ በኮምጣጣ አፈር ላይ ከበቀለው ወደ አሥር እጥፍ የሚደርስ ሴሊኒየም እንደያዘ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣውና ኢትዮጵያንና ማላዊን ያካተተው ሰፊ ጥናትም በእህል ውስጥ ያለው የካልሲየም፣ የብረት፣ የሴሊኒየምና የዚንክ መጠን ከቦታ ቦታ በብዙ እንደሚለያይ አስረድቷል። ለዚህም የአፈር ፒ.ኤች.፣ የብስባሽ መጠን፣ ሙቀት፣ ዝናብና የመሬት አቀማመጥ ድርሻ እንዳላቸው፣ የአካባቢውን ምርት ለሚመገብ የገጠር ቤተሰብም የሚኖርበት ቦታ ከሁሉ የላቀ ወሳኝ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከተካሄደው አገር አቀፍ የንጥረ ምግቦች ጥናት በተወሰዱ የደም ናሙናዎች ላይ የተመሠረተው የ2020 ዘገባ ደግሞ ከተመረመሩት ሰዎች 35.5 በመቶው የሴሊኒየም እጥረት እንዳለባቸው ገልጿል።

በዚህ ላይ የድኝ ጉዳይ ይጨመራል። ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በአገራችን ዳፕ በተባለው ማዳበሪያ ፈንታ ድኝን ያካተተ ማዳበሪያ በሰፊው ተሠራጭቷል። ድኝ ለሰብሉ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ድኝና ሴሌኔት በአንድ በር የሚገቡ ተፎካካሪዎች ስለሆኑ፣ የድኝ መብዛት የሴሊኒየምን መግባት ሊቀንስ ይችላል። ፎስፎረስ በበኩሉ ሴሌናይትን ከብረት ኦክሳይድ ላይ ሊያስለቅቅ ይችላል። በመሆኑም ስለ ሴሊኒየም ብቻውን ማሰብ አይቻልም።

እንግዲህ ኖራ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በኮምጣጣ አፈር ላይ ሲጨመር አሲዱን ያለዝባል፤ አሉሚኒየሙ ከውኃው ተለይቶ ይዘቅጣል፤ ካድሚየም፣ ኒኬልና እርሳስ መሟሟታቸው ይቀንሳል። በተቃራኒው የሴሊኒየም መሟሟት ይጨምራል። አንዱ ሥራ ጎጂዎቹን አስሮ ረዳቱን ይፈታል ማለት ነው። የብስባሽና የፍግ መጨመርም ከባድ ብረቶችን አጣብቆ በመያዝ ይህንኑ ሥራ ያግዛል። አመድና ፍግ ዘወትር የሚጣልበት የጓሮ አፈር ከራቀው ማሳ ይልቅ ጥቁርና ለም ሆኖ የሚታየው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ኖራም ወሰን አለው። አርሴኒክና አንዱ የክሮሚየም ዓይነት ፒ.ኤች. ሲጨምር እንደ ሴሊኒየም ይበልጥ ሊሟሟ ይችላል። ከልክ ያለፈ ኖራ ደግሞ ዚንክንና ብረትን ያሳጣል። ስለዚህ በተለይ በዩብዶ መሰል ምድር ላይ ኖራ ከመጨመሩ በፊት አፈሩ መመርመር ይኖርበታል።

7. ለፕላን ባለሙያዎች

ከዚህ በላይ ከተባለው የሚከተለው ቅደም ተከተል ይገኛል።

1ኛ. ምንጩን መዝጋት። የባትሪ ጥገና፣ የጋራዥና የቆሻሻ መጣያ ሥፍራ ከአትክልት ቦታና ከወንዝ ራስጌ እንዲርቅ ማድረግ ከማናቸውም ማከሚያ ይቀድማል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

2ኛ. አፈሩን ማስመርመር። በነቀምቴ የአፈር ምርምር ማዕከል፣ በአካባቢውም የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ መኖራቸው ለዚህ መልካም አጋጣሚ ነው። ፒ.ኤች. ለሁሉም ማሳ፣ ከባድ ብረት ደግሞ ለተጠረጠረው ሥፍራ ይለካ።

3ኛ. ኖራና ብስባሽ። በምርመራው ውጤት መሠረት ለአንድ ሄክታር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኖራ ያስፈልጋል። ትልቁ ችግር የኖራው ዋጋ ሳይሆን ማጓጓዙ ነው። ስለዚህ የመንገድና የማከማቻ ዕቅድ ከግብርናው ዕቅድ ጋር አብሮ ይውጣ።

4ኛ. የሰብል ምርጫ። በተጠረጠረ ቦታ ላይ ሰላጣና ቆስጣ ከመትከል ይልቅ ለምግብ የማይውል ዛፍ ወይም ሣር ማልማት ይመረጣል። አንጮቴና ድንች ከአፈር ውስጥ የሚወጡ በመሆናቸው በሚገባ ታጥበውና ተልጠው ይበሉ።

5ኛ. ሴሊኒየም። ከላይ ያሉት ከተፈጸሙ በኋላ፣ እጥረቱም በምርመራ ሲረጋገጥ፣ በባለሙያ ቁጥጥር ሥር ይታሰብ። በሌሎች አገሮች ለአንድ ሄክታር የሚሰጠው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በ10 ግራም አካባቢ ነው። ይህን ያህል ደቂቅ ነገር በማሳ ላይ በእኩል ማዳረስ የሚቻለው በፋብሪካ ከማዳበሪያ ጋር ሲቀላቀል እንጂ በእጅ ሲበተን አይደለም።

የፊንላንድ አገር ልምድ ለዚህ የመጨረሻ ነጥብ ጥሩ አብነት ነው። አፈሯ በሴሊኒየም የደኸየ በመሆኑ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ሴሊኒየም ከማዳበሪያ ጋር እንዲቀላቀል ወሰነ። ለእህል ማዳበሪያ በኪሎ ግራም 16 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ውጤቱ ከሚጠበቀው በላይ በመሆኑ በ1990 ወደ 6 ዝቅ ተደረገ፤ በ1998 ወደ 10፣ በ2007 ደግሞ ወደ 15 ከፍ ተደረገ። ፊንላንድ የተሳካላት ሴሊኒየም በመጨመርዋ ብቻ ሳይሆን፣ በየዓመቱ አፈሩን፣ እህሉን፣ ወተቱንና የሰውን ደም እየለካች መጠኑን በማስተካከልዋ ነው። የመለኪያ ዝግጅት በሌለበት ሴሊኒየም መጨመር ይህን አብነት መከተል ሊባል አይችልም።

8. ለመምህራን

ርእሱ የኬሚስትሪን፣ የባዮሎጂን፣ የጂኦግራፊንና የሒሳብን ትምህርት በአንድ ላይ ለማያያዝ ይመቻል። ሦስት ሐሳቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሀ) የሒሳብ ልምምድ። የአንድ ሄክታር መሬት የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ሁለት ሚሊዮን ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 10 ግራም ሴሊኒየም በዚህ አፈር ውስጥ ቢበተን ለአንድ ኪሎ ግራም አፈር ስንት ሚሊግራም ይደርሰዋል? መልሱ 0.005 ነው። 30 ኩንታል ኖራ ቢበተንስ? ለአንድ ኪሎ ግራም 1.5 ግራም ይሆናል። ተማሪዎች የሁለቱን ሬሾ ሲያገኙ ደቂቅ ንጥረ ነገር የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ይገባቸዋል።

ለ) የማሰሮ ሙከራ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ የተወሰደ ቀይ አፈር በስድስት ጣሳዎች ይሞላ፤ የጣሳዎቹ ሥር ይበሳ። በሦስቱ ላይ ለአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ አፈር 1.5 ግራም የእርሻ ኖራ ተጨምሮ በሚገባ ይደባለቅ። ሁሉም ለሁለት ሳምንት እርጥበት ሳይለያቸው ይቆዩ። ከዚያ በእያንዳንዱ አሥር የገብስ ዘር ይዘራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥሮቹ በውኃ ታጥበው ይለኩ፤ የጫፋቸውም ቅርጽ ይታይ። አፈሩ በእርግጥ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ባላገኙት ሥሮች ላይ ማጠርና መወፈር ይጠበቃል፤ ልዩነት ካልታየም አፈሩ ያን ያህል ኮምጣጣ እንዳልሆነ ያመለክታል። ኖራው ለእርሻ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መሆን አለበት። ለግንብ ሥራ የሚውለው የተቃጠለ ኖራ ዓይንንና ቆዳን ስለሚያቃጥል ለተማሪ አይሰጥም።

ሐ) የአካባቢ ካርታ። ተማሪዎች በከተማቸው ያሉትን ጋራዦች፣ የቆሻሻ መጣያዎች፣ የአትክልት ቦታዎችና ምንጮች በካርታ ላይ ያስፍሩ፤ የውኃውን ፍሰት በቀስት ያመልክቱ። የትኛው የአትክልት ቦታ ከየትኛው የብክለት ምንጭ ግርጌ እንደሚገኝ ካርታው ራሱ ያሳያል። ይህ ሥራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ለከተማው አስተዳደርም ጠቃሚ ሰነድ ይሆናል።

የሴሊኒየም ውሁዶች ግን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሊያዙ አይገባም። ሶዲየም ሴሌኔትም ሆነ ሶዲየም ሴሌናይት በጥቂት መጠን የሚገድሉ መርዞች ናቸው። የከባድ ብረት ጨዎችም እንዲሁ ናቸው። ስለ እነርሱ በሥዕልና በቃል ማስተማር ይበቃል።

ማጠቃለያ

ሴሊኒየም በተገቢው መጠን ሲገኝ ተክል ከባድ ብረቶችን በአፈር፣ በሥር፣ በሕዋስ ግድግዳና በሕዋስ ውስጥ እንዲቋቋም የሚረዳ መሆኑ በምርምር ተረጋግጧል። በወለጋ ቀይ አፈር ላይ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው አሲዳማነት ነው። ኮምጣጣው አፈር ጎጂውን ብረት እየፈታ ረዳቱን ሴሊኒየም አስሮ ይይዛልና። ስለሆነም የብክለትን ምንጭ የዘጋ፣ አፈሩን የመረመረ፣ በልኩም ኖራና ብስባሽ የጨመረ አካባቢ ሴሊኒየምን ከውጭ ሳያስመጣ የሴሊኒየምን ጥቅም በከፊል ያገኛል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጉድለት በልኬት ታውቆ በልኬት የሚሞላ ይሆናል። ይህን ቅደም ተከተል መምህሩ ለተማሪው ካስረዳ፣ የፕላን ባለሙያውም በዕቅዱ ውስጥ በየተራው ካስቀመጠው፣ በነቀምቴም ሆነ በደምቢ ዶሎ ጓሮ የሚበቅለው ጎመን ለሚመገበው ልጅ ጤና ዋስትና ይሆናል።